የጋሽ ወልደአማኑኤል መንገድ መሪ

ጋሽ ወልደአማኑኤል እኔ ጋ ሥራ ሳይጀምሩ በፊትም አውቃቸው ነበር። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ የእኔ እኩያ ሁሉ ያውቃቸዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስማቸውን የማያውቅ እንኳ ቀይዋን ያማሃ ሞተራቸውንና ከኋላቸው ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡትን ሴት ያስታውሳል። ሴትየዋ ባለቤታቸው ሲስተር ብርሃነሽ ናቸው፤ አዋላጅ ነርስ ነበሩ።

ያኔ ከተማው የብስክሌትና የጋሪ ነበር። ሞተር ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ እኛ ልጆች ከግቢ ወጥተን አጥር ላይ እንንጠለጠላለን። ሞተር ብርቅ ሆኖብን ብቻ አልነበረም። ሲስተር ብርሃነሽ በጋሽ ወልደአማኑኤል ትከሻ ላይ የሚያደርጉትን ለማየት ነው። ቀኝ ትከሻቸውን መታ ካደረጉ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ግራውን ከነኩ ወደ ግራ። መዳፋቸውን ዘርግተው ጀርባቸው መሃል ላይ ከጫኑ ቁም ማለት ነው። ኮሌታቸውን ሳብ ካደረጉ ቀስ በል። ሁለቱንም ትከሻ ባንድ ጊዜ ደብደብ ካደረጉ ግን የሆነ ቤት ምጥ ጸንቷልና ጋሽ ወልደአማኑኤል ነዳጁን ይሰጡታል። እኛም በኪራይ ብስክሌት ሁለት ሁለት ሆነን እንደነሱ እንጫወት ነበር። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ትከሻ ይመታል፤ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ቦይ ውስጥ ያልቅ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል አይሰሙም። ቀኝ ጆሯቸው ጭራሽ፤ ግራው ጠጋ ብለው ከጮኹበት ጥቂት። ፊት ለፊታቸው ቆሞ ረጋ ብሎ የሚያወራን ሰው ግን ከንፈሩን እያዩ ይረዱታል።

ታሪኩን የነገሩኝ ሲስተር ብርሃነሽ ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ሰሞን እናቴ ቤት እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። አራስ ቤት ጨዋታ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ጨዋታ አያልቅባቸውም።

“አገባዋለሁ ብዬ አይደለም ያወቅሁት፤ በመርፌ ነው” ብለው ጀመሩልኝ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ያኔ የግብርና ቢሮ መልእክተኛ ሞተረኛ ነበሩ። ደብዳቤውንም፣ የዘር ናሙናውንም ይዘው ከሐዋሳ ይርጋዓለም፣ ከይርጋዓለም አለታ ወንዶ ሲመላለሱ የሚውሉ ወጣት። ሳል ያዛቸው። አቧራ ነው ብለው ችላ አሉት፤ ኋላ ሌሊት ሌሊት ያልባቸው፣ ሱሪያቸው ከወገባቸው ይወልቅ ጀመር። ሲመረመሩ የሳምባ ነቀርሳ ሆነ። መድኃኒቱ ክኒን ብቻ አልነበረም፤ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት የሚወጋ መርፌም ነበረው። ከሰፈራቸው ቅርብ በሆነው ጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል ውስጥ ያሉት ደግሞ ከትምህርት ቤት ገና የወጡት ብርሃነሽ ናቸው።

“ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚያወራኝ” አሉኝ እየሳቁ። “መርፌውን ስለሚፈራ ወሬውን አያቆምም። ዛሬ የወንዶ ቡና አብቧል፣ ዛሬ ድልድዩ ላይ የጭነት መኪና ተሰብሯል፣ ዛሬ ዝናብ ከአላሙራ ተራራ ጀርባ እየመጣ ነው። እኔ ከዚያ ክፍል አልወጣም፤ አገሩን የማየው በእሱ አፍ ነበር።”

አንድ ቀን ጠዋት እንደተለመደው ገብተው ተቀመጡ። ሞተሩ ውጭ ይንደቀደቃል። ብርሃነሽ መርፌውን እያዘጋጁ ትንሽ ጠበቁና፣

“ሞተርህን አታጠፋውም እንዴ?” አሏቸው።

“አጥፍቼው ነው የገባሁት።”

“ይሰማኛል እኮ፤ እየሠራ ነው።”

ጋሽ ወልደአማኑኤል ወደ በሩ ዞረው አዳመጡ። ከዚያ ተነስተው ወጡና እጃቸውን የቤንዚን ታንከሩ ላይ አሳረፉ። ይንቀጠቀጣል። እጃቸውን እንዳሳረፉ ብዙ ቆሙ፤ ብርሃነሽ ከበሩ ሆነው ያዩዋቸዋል። ቁልፉን አዙረው አጠፉትና ተመልሰው ገብተው፣ “እውነትሽን ነው” አሉ። የዚያን ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዝም አሉ።

ሐኪሙ መርፌውን ወዲያው አስቆመ። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ የሚያደርግ ነው፤ ሳምባ ያድናል፣ ጆሮ ይጎዳል። በሌላ መድኃኒት ተተካ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤልም ዳኑ። የሄደው መስማት ግን አልተመለሰም፤ የቀረውም ቀስ በቀስ ተከተለው።

“የወጋሁት እኔ ነኛ” አሉኝ ሲስተር። “ትእዛዝ ነው፣ ልክ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እጄ ነው። ማታ ማታ እጄን እያየሁ አለቅስ ነበር።”

ሕክምናቸውን የጨረሱ ዕለት ጋሽ ወልደአማኑኤል ከአፖስቶ መንገድ ላይ የገዟቸውን ሁለት አናናሶች ይዘው መርፌ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ብርሃነሽ ሲያዩዋቸው እንባቸው መጣ። ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከንፈራቸውን አንብበው ቀደሟቸው።

“ሳምባዬን መልሰሽልኛል፤ ጆሮዬን ለዚያ ብሰጥ ምን አለበት? ደግሞ እኛ ቢሮ የሚሰማ ቁም ነገር የለም።”

በዓመቱ ተጋቡ። ቢሮው መስማት የማይችል ሰው መልእክተኛ አይሆንም ብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወራቸው፤ የሚነዷት የቢሮው ቀይ ያማሃ ስታረጅ በጨረታ ስትሸጥ ገዟት። ከዚያ ወዲያ ነው እኛ ልጆቹ ያየነው ሕይወት የጀመረው። ሲስተር ቤት ለቤት ወላድ ሲጠይቁ፣ ምጥ ተብሎ ሲጠሩ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከሥራ መልስ ሁሌም ያደርሷቸዋል። መንገዱን የሚጠይቁት፣ የሚመለሰውን የሚሰሙት ሲስተር ናቸው፤ በአማርኛም ሆነ በሲዳሙ አፎ ከማንም ጋር ይግባባሉ። የሰሙትን በጣታቸው ወደ ባለቤታቸው ትከሻ ያወርዱታል። አቶቴ ገና እርሻ በነበረበት ዘመን፣ በቆሎው መሃል የምትሄድ ቀጭን መንገድ ላይ ሁለቱ ሲያልፉ አይቻለሁ። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ አንድ ላስቲክ ለሁለት ለብሰዋል። ዛሬም ከዚያ ዘመን ምን ትዝ ይልሻል ብባል እሱን ነው የምናገረው።

*

ሲስተር ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ክረምት ግቢያቸው ውስጥ ርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ተቀዶ ብረት ገባለት፤ በከዘራ መራመድ ቻሉ። ሐኪሙ ግን ሞተር ላይ መውጣት ከእንግዲህ የለም አላቸው። ጋሽ ወልደአማኑኤልም ጡረታ ወጥተው ነበር። ሞተሯን በረንዳው ሥር አቁመው በየጠዋቱ ይወለውሏታል፤ የሚሄዱበት ግን የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ከፍቻለሁ። የሚመላለሱ በሽተኞች ብዙ ናቸው፤ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም። ከአልጋ የማይነሱም አሉ። መድኃኒቱን ቤታቸው የሚያደርስልኝ ሰው ስፈልግ ሳለ ሲስተር ብርሃነሽ በባጃጅ መጡ። ለራሳቸው ማስታገሻ ገዙና ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣

“ሙንተሃ፣ ወልዴን ሥራ አስገቢልኝ” አሉኝ። “ሞተሯን ሲወለውል ቀለሟን ሊጨርሳት ነው።”

ጋሽ ወልደአማኑኤል ሰኞ ጀመሩ። ፒያሳን፣ አዲስ ከተማን፣ ሐይቅ ዳርን እንደ መዳፋቸው ያውቃሉ። በአሮጌው ከተማ ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ ከተማው አርጅቶ አለመቆሙ ነው። በዳቶ በኩል፣ በአላሙራ ግርጌ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው በኩል አዲስ ቤት በአዲስ ቤት ላይ በቅሏል። ሁሉም አጥር አንድ ዓይነት ቆርቆሮ፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት ቀለም። ደንበኞች “ሲደርስ ይደውል፣ እንመራዋለን” ይላሉ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ደውለው ምን ሊሰሙ?

አንድ ከሰዓት በአላሙራ በኩል ላለች አንዲት ልጅ ኢንሱሊን ይዘው ወጡ። በበረዶ ሣጥን ነበር። እናትየዋ እየደወለች “የት ደረሰ?” ትለኛለች፤ እኔ “እየመጡ ነው” እላለሁ። አልደረሱም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሰው መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነው፣ ፊታቸው ተለውጧል። ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡት የቀለጠው በረዶ ውስጡ ተንቦጫረቀ። እኔ በሌላ ሰው አዲስ መድኃኒት በባጃጅ ላክሁ፤ ልጅቷም ደህና ነበረች። እሳቸው ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

“የጠየቅሁት ሰው ሁሉ አፉን ዞር አድርጎ ነው የሚያወራኝ” አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። “በጣቱ ይጠቁመኛል፤ እሄዳለሁ፤ ሌላ አጥር ነው። ሙንተሃ ልጄ፣ ከተማው ጥሎኝ ሄዷል። ሌላ ሰው ፈልጊ።”

በማግስቱ አልመጡም።

በሦስተኛው ቀን የመጣችው ልጃቸው ሃሴት ናት። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። ያረጀ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

“ይሄን ሞተሩ መሪ ላይ ላስርለት ነው። ካርታው በዓይን ነው የሚመራው፣ ጆሮ አይጠይቅም። ደንበኞችሽ ሎኬሽን በቴሌግራም ይላኩ። አባቴን ግን አንቺ እሺ አስብዪልኝ፤ እኔን አይሰማኝም።” ተናግራ ስትጨርስ በራሷ አባባል ሳቀች።

ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። “ዓይኔን ከመንገድ አንስቼ የስልክ መስታወት እያየሁ ልንዳ? ከዚያ አንዱን ልጅ ልግጭ?” ብለው ተቆጡ። ሲስተር ከበረንዳው ላይ፣ “መሞከር አይከለከልም፣ ወልዴ” አሉ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከንፈራቸውን አይተው የሞተሯን ቁልፍ አነሱ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ከሃሴት ጋር ሆነው ፒያሳ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ኢብራሂም ጋ ሄዱ። ኢብራሂም አራት ጣት ያለው የፕላስቲክ መያዣ አውጥቶ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ሞተርዎ ቢገለበጥ እንኳ ስልኩ አይወድቅም” አላቸው። በዚያው ዕለት፣ ሞተሩ ሳይገለበጥ፣ ገና የመጀመሪያውን ኮብልስቶን ሲይዙ ስልኩ ተስፈንጥሮ ቦይ ዳር የተከመረ አሸዋ ላይ አረፈ። ደግነቱ አሸዋ ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ስልኩን አንስተው አቧራውን በሸሚዛቸው ጠረጉና ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጉዳዩ የእልህ ጉዳይ ሆነባቸው።

ሃሴት እንደነገረችኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከሞተሩ ሥር አልተነሱም። ከአሮጌ የመስኮት ፍሬም አሉሚኒየም ቆርጠው አጠፉ። ውስጡን ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አለበሱት፤ መንቀጥቀጡን እንዲበላላቸው ነው። በግራ ስፔኪዮው እግር ላይ በብሎን አሰሩት። ለምን መሪው መሃል ላይ እንዳላደረጉት ስትጠይቃቸው፣ “እዚያ ከሆነ አንገቴን ደፍቼ ነው የማየው። ስፔኪዮ ግን ድሮም የማየው ነገር ነው” አሏት። ፀሐይ የስልኩን መስታወት እንዳያጠፋባቸው ከላዩ ከጥቁር ካርቶን ትንሽ ጥላ ሠሩለት፤ ለዝናብ ጊዜ ደግሞ ፌስታል ኪሳቸው ውስጥ ያዙ። ሲጨርሱ ካቻቢቴያቸውን እንደያዙ ወደ በረንዳው ዞረው ሲስተርን አዩ። ሲስተርም ብዙ ካዩት በኋላ፣

“አዲሷ ሚስትህ ተመቻት?” አሏቸው።

ጋሽ ወልደአማኑኤል አልሳቁም። “ይቺ ትከሻዬን አትነካኝም” አሉ።

መድኃኒት ቤቱ እንደገና የመጡ ዕለት መጀመሪያ የጠየቁት ያችን የኢንሱሊን ልጅ ነበር። “ዛሬ የሷ ቀን ባይሆንም መንገዱን ልየው” አሉኝ። የእናትየዋን ሎኬሽን ላክሁላቸው፤ የምትፈልገውም ነገር ነበረ፣ የስኳር መለኪያው ወረቀት አልቆባታል። ያንን ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ገና ከበሩ፣

“ደረስኩ!” ብለው ጮኹ።

ደንበኞቹ ደነገጡ። አንዲት ሴትዮ “ከየት ነው የደረሱት?” ብላ ጠየቀችኝ። “ከአላሙራ” አልኳት እየሳቅሁ።

*

ካርታ ሁሉን አያውቅም። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ስልኩ መንገድ ነው ብሎ ሰማያዊ መስመር ያሰመረበት ቦታ ላይ አጥር ቆሞ ይገኛል፤ መንገድ የለም ባለበት ደግሞ ፍየል ሳይቀር የሚተላለፍበት ቀጭን መተላለፊያ አለ። ጋሽ ወልደአማኑኤል እንዲህ ሲገጥማቸው ይቆማሉ፣ ሰው ይጠይቃሉ፣ እንደገና ያው የከንፈር ችግር።

ሃሴት ለእናቷ አንድ ነገር አስተማረቻቸው። የአባቷ ስልክ ያለበትን ቦታ ከቤት ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ካርታው ላይ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሃሴት ያሰበችው እናቷ እንዳይሰጉ ብቻ ነበር። ሲስተር ግን በማግስቱ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡና ነጥቧን ሲያዩ ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን ነጥቧ አቶቴ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆመች፤ አልነሣ አለች። ሲስተር ልባቸው ደነገጠ። “ምን ሆንክ?” ብለው ጻፉ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከሞተሩ ሳይወርዱ ፊት ለፊታቸው ያለውን አጥር ፎቶ አንስተው ላኩ። ሲስተር ፎቶውን አሰፉትና ከአጥሩ በላይ የሚታየውን የቤት ክዳን አዩ።

“ይሄ የወይዘሮ አማረች ግቢ ነው። መንትዮች ያዋለድኩበት። በስተኋላ በቦዩ በኩል ዙር፣ በር አለው” ብለው ጻፉ።

በሩ ነበረ። ዛሬም የእንጨት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ራሱ መልኩን ያዘ፤ እኔ ያደረግሁት ቢኖር ቆይቶ መስማማት ብቻ ነው። ደንበኞቼ የሲስተርን ስልክ ያዙ። ሲስተር ይደውላሉ፣ በአማርኛ የማይመቸውን በሲዳሙ አፎ ያናግራሉ፤ የት ነው፣ ከምን አጠገብ ነው፣ ውሻ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ነጥቧ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ለባለቤታቸው አጭር ቃል ይልካሉ። “ግራ።” “ሦስተኛው በር።” “ውሻ አለ።” ሃሴት ፊደሉን አግዝፋላቸዋለች፤ ከስፔኪዮው ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለቱንም የመድኃኒት ቤቴ ሠራተኛ አደረግኋቸው።

ያላሰብኩት ነገር ግን ሌላ ነው። ስልክ ሲደውሉ ድምፃቸውን የሚያውቅ ሰው በዛ። “ሲስተር ብርሃነሽ ነዎት እንዴ? በሕይወት አሉ?” የሚል። “እኔ እኮ ያዋለዱኝ ልጅ ነኝ፣ የወተት አከፋፋዩ የአቶ ኡርጌሳ ልጅ” የሚል። ሲስተር ለመድኃኒት ብለው ደውለው ስለ ድሮ ሲያወሩ ጋሽ ወልደአማኑኤል መንታ መንገድ ላይ ሞተራቸውን አስነስተው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ብዙ ቆመው ቆመው፣ “ብርሃኔ፣ ግራ ነው ቀኝ? ሰው እያየኝ ነው” ብለው ጽፈዋል። ያንን ሲስተር ለስንቱ ሰው እንዳሳዩ!

*

አሁን የምነግራችሁን የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። የሲስተርን መድኃኒት ራሴ ይዤላቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈውታል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ሥራ ላይ ነበሩ።

“ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ዘግይቶብሽ ነበር አይደል?” አሉኝ።

ዘግይተው ነበር፤ ሐይቅ ዳር ያለውን የመጨረሻ ደንበኛ ጨርሰው ቶሎ አልተመለሱም። ጎማ ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

“እኔ ነኝ ያዘገየሁት” አሉ ሲስተር። “ነጥቧ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ቆማ አየኋት። አላስችል አለኝ። ‘ግራ’ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ደንበኛ አለ ብሎ መሰለው፣ ታጠፈ። ‘ቀጥ’ አልኩት። ‘ቀስ’ አልኩት። ከዚያ ‘ቁም’ አልኩት።”

ቦታው ድሮ ከወላድ ቤት ሲወጡ የሚያርፉበት ነበር። ሲነጋጋ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሞተሯን አቁመው፣ ሲስተር እጃቸውን በሐይቁ ውሃ ይታጠባሉ። አንዳንዴ ምጡ በደህና ያልቃል፣ ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዴ አያልቅም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በዚያ ዝምታ ውስጥ ምንም እንደማይጠይቋቸው ሲስተር ደጋግመው ነገሩኝ። የዓሣ አጥማጆቹ ታንኳ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ሲቀዝፍ አይተው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ቆሙና “ለማን ነው?” ብለው ጻፉ።

“ለእኔ። ምን ይታይሃል?”

“ቆርቆሮ አጥር።”

“ሾላውስ?”

መልሱ ቆየ። ሲስተር እንዳሉኝ፣ በዚያ መሃል ነጥቧ ትንሽ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ከሞተሩ ወርደው ስልኩን ይዘው በእግራቸው አጥሩን እየዞሩ ነበር።

“የለም” ብለው ጻፉ። “ሆቴል ሊሠሩ ነው መሰለኝ። ግን ቆርቆሮው መሃል ክፍተት አለ።”

ቀጥሎ ፎቶ መጣ። ሲስተር አሳዩኝ። የስልኩ ካሜራ በሞተሩ መንቀጥቀጥ ተበላሽቷል፤ ላስቲኩም፣ አሉሚኒየሙም አላዳኑትም። ሥዕሉ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በቆርቆሮው ክፍተት ግራጫ ውሃ ይታያል፣ ከውሃው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ታንኳም ሊሆን ይችላል፣ ወፍም።

“ምንም አይታይም እኮ፣ ሲስተር” አልኳቸው።

“አይታይም” አሉ። ፎቶውን ግን በጣታቸው አሰፉት፣ መልሰው አጠበቡት፣ እንደገና አሰፉት። “በመጨረሻ ምን ብሎ እንደጻፈልኝ ታውቂያለሽ? ‘እጄን ታጥቤልሻለሁ’ አለኝ። ሽማግሌ እኮ ነው፣ ሙንተሃ፤ እዚያ ክፍተት ውስጥ ሾልኮ ገብቶ፣ ጠባቂ ቢይዘው ምን ሊል ነበር? ተቆጣሁት። ‘ና ግባ፣ ምሳህ ቀዝቅዟል’ ብዬ ጻፍኩለት።”

ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ፊታቸው ግን እየሳቀ ነው።

“ከኋላው መቀመጥ አይናፍቅዎትም?” አልኳቸው።

“እንዴት አይናፍቀኝ? ሌሊት በሕልሜ እንኳ ሞተር ላይ ነኝ። ዝናቡ ነው የሚናፍቀኝ ብልሽ ታምኛለሽ? ጀርባው ሥር ተሸጉጬ ዝናቡ እሱን ብቻ ሲመታው…”

ስልኩ ላይ ዓይናቸው ሄደና ንግግራቸውን አቋረጡ። እኔም አጎንብሼ አየሁ። ነጥቧ ከዳቶ በኩል መንቀሳቀስ ጀምራለች።

“ቆዪ፣ ወልዴ ተነሳ” አሉኝና መነጽራቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። በሌላው እጃቸው ሁለተኛውን ስልክ አንስተው ደወሉ። ድምፃቸው ወዲያው የሥራ ድምፅ ሆነ።

“ሄሎ? እንደምን ዋላችሁ፣ ሲስተር ብርሃነሽ ነኝ፤ መድኃኒቱ እየመጣ ነው። ቤታችሁ ከመስጊዱ ወዲህ ነው ወዲያ?”